አረቄ በክብሪት አይመረመርም

እንደ ሚኤሶ ባለ የባቡር ጣቢያ ከተማ መንገደኛ አይጠፋምና የአረቄ መለኪያም ሥራ አይፈታም። ታዲያ ብዙው ጠጪ ጥቂት አፍስሶ ክብሪት ይጭርበታል፤ ሰማያዊ ነበልባል ያየ እንደሆነ፣ «ይኸስ ዳግም ነው!» ብሎ ይጨልጠዋል። ዳግም ሁለት ጊዜ የወጣው ብርቱው አረቄ ነው።

እሳቱ ግን የሚመሰክረው ስለ ብርታቱ ብቻ ነው። ጣዕሙን ለማወቅ ጠብታውን በመዳፍ አሽቶ ወደ አፍንጫ ማቅረብ ይሻላል፤ የእህሉ መዓዛ ከቀረ መልካም ነው፤ ቃጠሎ ከሸተተ ድፍድፉ ከማሰሮው ሥር አርሯል።

ዓይን የሚያጠፋውን ሜታኖል ግን እሳትም አፍንጫም አይለየውም፤ እርሱም ይነዳልና። በእህል አረቄ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚገድለው ከፋብሪካ አልኮል የተደባለቀው ነው። አውጪዋ የምትታወቅ እንደሆነች ትጠየቃለች፤ ምንጩ ሳይታወቅ በጀሪካን የመጣውን ግን እኔ በበኩሌ አልቀምሰውም።