የኮረሪማው ጥላ ሲቆረጥ

መርካቶ በርበሬ ተራና አካባቢው በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠው ኮረሪማ ከማሳ የመጣ የሚመስለው ሸማች ጥቂት አይደለም። ከካፋ፣ ከሸካና ከቤንች የሚመጣው ግን በአብዛኛው የደን ውጤት ነው። ኮረሪማ ጥላ ይወዳል። ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ እርጥበት በማይለየው ብስባሽ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ዛፉ ተቆርጦ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ይጠወልጋል። ጥምዝም እንደዚሁ የደን ሥር ተክል ነው። የማሩ ቀፎ የሚሰቀለው ደግሞ በረጃጅሙ ዛፍ ላይ ነው፤ ከገተማ አበባ የተቀሰመው ማር ነጭ በመሆኑ ይፈለጋል። ደኑ ሲመነጠር እንግዲህ የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ወደ አዲስ ከተማ የሚጫነው ጆንያም ይቀንሳል።

ይህ ደን ባለቤት የሌለው የሚመስለው ከሩቅ ለሚያየው ነው። በሸካ «ኮቦ» በተባለው ነባር ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ክልል ተለይቶ ይታወቃል፤ ሌላው ያለ ፈቃድ አይገባበትም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ ኮቦ በሕግ ፊት ቦታ አጣ። በካርታ ላይ «ያልተያዘ» ተብሎ ለባለሀብት የሚቀርበው መሬት እንዲህ ዓይነቱ ይዞታ ሊሆን ይችላል።

በጋምቤላ ክልል ማጃንግ ዞን፣ ጎደሬ ወረዳ የሚገኘው የጉማሬ ደን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዚሁ ደን 3 ሺህ 12 ሄክታር ለሻይ ልማት ለ50 ዓመት በኪራይ ተሰጠ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 111 ብር ነበር፤ ዛሬ መርካቶ ላይ በዚህ ገንዘብ አንድ ኪሎ ማር አይገዛም። በማር ሥራቸው የሚታወቁት ማጃንጎች ተቃወሙ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም ደኑ እንዳይመነጠር በደብዳቤ ጠየቁ። ውሉ ግን ተፈረመ። ማጃንግ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ካፋና ያዩ በ2002፣ ሸካ በ2004 ቀድመው ተመዝግበዋል።

በሌላው ዓለም ተመሳሳዩ ክርክር የሚነሳው በነዳጅ ነው። በኢኳዶር የአማዞን ደን የሚኖሩት ዋኦራኒዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት ቆመው፣ መሬታቸው ለነዳጅ ፍለጋ ሲመደብ በአግባቡ አልተመከረበትም ብለው ረቱ። በ2023 ደግሞ የአገሪቱ ሕዝብ በያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ ከሚገኝ አንድ የነዳጅ ቦታ ቁፋሮ እንዲቆም በድምፁ ወሰነ። ሻይ ነዳጅ አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት በላዩ የሚኖረው ሰው ተጠይቋል ወይ?

በእኛም አገር መጠየቅ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም ጉዳዩ የሚነካቸው ነዋሪዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ያዛል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት በግልጽ አውቋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ወረዳ ላይ ነው፤ የመሬት ባለሙያውና የደን ባለሙያው በአንድ ግቢ እየሠሩ አንዱ ያካለለውን ደን ሌላው ለባለሀብት ያስጎበኛል።

በካፋ የተለመደው አሳታፊ የደን አስተዳደር ይህን ክፍተት ያጠባል። የመንደሩ ሰው ማኅበር ያቋቁማል፣ የደኑ ወሰን ከነዋሪው ጋር በእግር እየተዞረ ይለያል፣ ከዚያም ከወረዳው ጋር ውል ይፈረማል። ውሉ ማን ኮረሪማና ማር እንደሚሰበስብ፣ ማን ደኑን እንደሚጠብቅ ይዘረዝራል። ገዢው በጥሩ ዋጋ ካልወሰደው ግን ሰብሳቢው ፊቱን ወደ መጥረቢያ ያዞራል። ለዚህ ደግሞ የማድረቂያ ቦታ፣ የጠራ ማርና ከደላላ ውጪ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ማኅበር ያስፈልጋል።