ግልባጩን የሚቀድ መድኃኒት

የቢሮ ሥራ የጀመረ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ዋናውን ከግልባጩ መለየት ነው። ዋናው ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ተቈልፎበት ይቀመጣል። ወደ ሠራተኛው የሚሄደው ግልባጩ ነው። እንግዲህ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ በዋናው መዝገብ ላይ ተጽፎ ቢገኝና መዝገቡን ማንም ሊነካው ባይችል ጥፋቱን ለማስቆም ምን ይደረጋል? ግልባጩ ከሠራተኛው እጅ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ተይዞ ይቀደዳል። በቢሮ እንዲህ ያለ አሠራር ያስከስሳል፤ በሕክምና ግን በዘመናችን እጅግ ከሚያስደንቁት መንገዶች አንዱ ሆኗል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ያሰብነው ስለዚሁ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሰው ሕዋስ አስኳል ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባለው መዝገብ ይገኛል። በመዝገቡም ላይ ሃያ ሺህ ያህል የፕሮቲን አሠራር ትእዛዞች ተጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ጂን ይባላል። አንድ ፕሮቲን ሲያስፈልግ ጂኑ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ግልባጩም ከአስኳሉ ወጥቶ ሪቦሶም ወደሚባለው የሕዋሱ ፋብሪካ ይሄዳል፤ በዚያም ፕሮቲኑ እንደ ተጻፈው ይሠራል። እኛም በትምህርት ቤት አር ኤን ኤ ተላላኪ ነው ተብለን ተምረናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከተላላኪዎቹ መካከል ደብዳቤ ቀዳጅም እንዳለበት ሊቃውንት የተረዱት ዘግይተው ነው።

ነገሩ የጀመረው በአበባ ነው። በ1990 በካሊፎርንያ ሪቻርድ ጆርገንሰን፣ ካሮሊን ናፖሊና ባልደረባቸው ፔቱንያ የሚባለውን አበባ ሐምራዊ ቀለም የበለጠ ለማድመቅ አሰቡ። ለዚህም ቀለሙን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጂን አንድ ቅጂ ጨመሩበት። ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ቀለሙም እጥፍ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የማንም ሰው አእምሮ የሚቀበለው ነገር ነው። ሆኖም ጂኑ ከተጨመረባቸው ተክሎች ከመቶ 42ቱ ነጭ ወይም ነጭ የተቀላቀለበት አበባ አወጡ። አዲስ የገባው ጂን ራሱ አልሠራ ማለቱ ሳያንስ የቀድሞውንም አብሮ ዝም አሰኘው። ተራ አትክልተኛ ቢሆን ነጩን ነቅሎ በጣለው ነበር። እነርሱ ግን ያዩትን ቈጥረው ጻፉት፤ በዚያው ዓመት በሆላንድም ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ ማየታቸውን አስታወቁ። የምክንያቱ ፍቺ እስኪገኝ ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ።

ፍቺው የተገኘው ቁመቱ አንድ ሚሊሜትር ከሚያህል ትል ነው። በባልቲሞር የሚሠሩት አንድሩ ፋየርና በማሳቹሴትስ ዩኒቨርስቲ የሚሠሩት ክሬግ ሜሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለትሉ ጡንቻ የሚያስፈልገውን አንድ ጂን መረጡ። ይህ ጂን የጐደለው ትል ስለሚንቀጠቀጥ ጂኑ ዝም ማለቱን ለማወቅ በማይክሮስኮፕ መመልከት ይበቃል። የጂኑን ነጠላ ክር አር ኤን ኤ በመርፌ ሲሰጡት ይህን ያህል የሚታይ ለውጥ አልመጣም። ሁለቱን ክሮች አጣምረው በሰጡት ጊዜ ግን ትሉ ተንቀጠቀጠ፤ ልጆቹም ተንቀጠቀጡ። ደግሞም ለአንድ ሕዋስ ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ በቅተው ተገኙ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቅንጣት አንድ ግልባጭ ብቻ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ጥቂቱ ለብዙው ሊበቃ አይችልም ነበር። እንግዲያው በሕዋሱ ውስጥ ሥራውን እየደጋገመ የሚሠራ አንድ መሣሪያ መኖር አለበት። ጥናታቸው በ1998 ታተመ፤ በ2006 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

መሣሪያው እንዲህ ይሠራል። አር ኤን ኤ በተለምዶ ነጠላ ክር ነው፤ ረጅም ጥንድ ክር በሕዋስ ውስጥ ከታየ ብዙውን ጊዜ የቫይረስ ምልክት ነው። ስለዚህ ዳይሰር የሚባለው ኤንዛይም፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ከታፊ እንደ ማለት ነው፣ ጥንዱን ክር ይይዝና 21 ፊደል ያህል ርዝመት ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አጫጭር ጣልቃ ገብ አር ኤን ኤ የሚባሉት እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው። ከዚያም አርጎኖት የተባለው ፕሮቲን አንዱን ቁራጭ ያነሣና ከሁለቱ ክሮች አንዱን ይጥላል፤ የቀረውን ክር የተፈላጊ ሰው ፎቶግራፍ እንደ ያዘ ዘበኛ ይዞ የሚያልፉትን ግልባጮች ሁሉ ይመረምራል። ፊደሉ ከያዘው ክር ጋር የሚገጥም ግልባጭ ሲያገኝ መካከሉ ላይ ይቈርጠዋል። የተቈረጠ ግልባጭ ደግሞ ፕሮቲን አይሠራበትም። ዘበኛው ግን ፎቶግራፉን አይጥልም፤ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ በአበባና በትል ነው። በሰው ሕዋስ ላይ ሲሞከር ረጅሙ ጥንድ ክር ኢንተርፌሮን የሚባለውን የመከላከያ ኃይል ይቀሰቅስና ሕዋሱ ሥራውን ሁሉ ያቆማል፤ አንድ ሌባ ለመያዝ ከተማውን በሙሉ እንደ መዝጋት ያለ ነው። መውጫውን ያገኙት በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ በማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ቱሽልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2001 ረጅሙን ክር ትተው ተከትፎ ያለቀውን ባለ 21 ፊደል ቁራጭ ራሱን ሠርተው ለሰው ሕዋስ ሰጡት። ከተማው ሳይዘጋ ሌባው ተያዘ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የምርምር ቤቶች አሠራር ተለወጠ። አንድ አለቃ የአንድን ሠራተኛ ጥቅም በትክክል ለማወቅ ቢፈልግ ፈቃድ ሰጥቶት በሌለበት ሥራው ምን ላይ እንደሚቆም መመልከት ይችላል። ተመራማሪውም እንዲሁ ጂኖቹን ተራ በተራ ዝም እያሰኘ ሕዋሱ ምን እንደሚያጣ ይመለከታል። አንድ ጂን የጐደለባት አይጥ እስክትወለድ ብዙ ወራት ይጠበቅ ነበር፤ አሁን በሳህን ላይ ባለ ሕዋስ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። የካንሰር ሕዋስ ያለ የትኛው ጂን መኖር እንደማይችል የሚፈልጉ ሰዎች ይህን መንገድ ወደውታል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያሻዋል። ከክሩ መጀመሪያ አካባቢ ሰባት ያህል ፊደላት ብቻ ከሌላ ግልባጭ ጋር ቢገጥሙ ያልታሰበው ጂን ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ አንድን ጂን ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ቁራጮች ሳይሞክር ውጤት አገኘሁ አይልም።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ታሪኩ በገንዘብ ይጀምራል። መርክ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ሠሪ ኩባንያ በ2006 ሲርና የሚባለውን ትንሽ ኩባንያ በ1.1 ቢልዮን ዶላር ገዛ። ሌሎችም ተከተሉ። ችግሩ ብዙም ሳይቈይ ታየ። ራቁቱን በደም ውስጥ የገባ አጭር አር ኤን ኤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኤንዛይሞች ይበሉታል፤ ከእነርሱ ያመለጠውን ኩላሊት ያጣራዋል፤ ከዚህም ያመለጠው በሕዋሱ ግድግዳ ማለፍ አይችልም። ለዓይን በሽታ በተሞከሩት ላይም በ2008 አንድ የሚያሳፍር ነገር ተገለጠ፤ ይኸውም በአይጦች ዓይን የታየው ውጤት የመጣው ጂኑ ዝም ስላለ ሳይሆን ባዕዱ ክር የሰውነትን መከላከያ ስለ ቀሰቀሰ ነበር። ማናቸውም ሌላ ክር ቢሰጥ ያው ይሆን ነበር ማለት ነው። በ2010 ሮሽ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ሥራውን ተወ። መርክም በቢልዮን የገዛውን በ2014 በ175 ሚልዮን ዶላር ሸጠው። ደብዳቤ ቀዳጁ ተገኝቶ ሳለ አድራሻው ጠፋ።

አድራሻውን በመጨረሻ ያስገኘው ጉበት ነው። ጉበት ደሙን ሁሉ ስለሚያጣራ የተላከለትን በቀላሉ ይቀበላል። የመጀመሪያው ዘዴ ክሩን በጥቃቅን የስብ ጠብታዎች መጠቅለል ነበር፤ ዓለም ይህን ዓይነት ጥቅል ኋላ በ2020 በወጡት የኮቪድ ክትባቶች ላይ አይቶታል። ሁለተኛው ዘዴ ከዚህ ይቀላል፤ በክሩ ጫፍ ላይ የጉበት ሕዋስ በር የሚያውቀውን አንድ የስኳር ዓይነት ሦስት አድርጎ መስቀል ነው። በሩ ስኳሩን ሲያገኝ ክሩን አብሮ ያስገባዋል። ኤንዛይሞች እንዳይበሉትም በየፊደሉ ላይ ትንሽ የኬሚስትሪ ለውጥ ይደረግበታል።

ነገሩ ለማን እንደ ጠቀመ ለመረዳት ወደ ፖርቱጋል መሄድ ያስፈልጋል። ፖቮዋ ደ ቫርዚም በሚባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሰዎች በጕልምስና ዕድሜያቸው እግራቸው መደንዘዝ የሚጀምርበት በሽታ ነበር፤ ሕዝቡም የትንንሽ እግሮች በሽታ ይለዋል። ሕመምተኛው እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውም። ኋላ ይከሳል፤ ሆዱ ይታወካል፤ መራመድ ይሳነዋል፤ ካልታከመም በሽታው ከጀመረው ከዐሥር ዓመት በኋላ ገደማ ይሞታል። በፖርቶ ከተማ ሐኪም የነበሩት ኮሪኖ አንድራዴ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ፣ የ37 ዓመት ሴት፣ በ1939 አዩ፤ ጥናታቸውን በ1952 አሳተሙ። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ወላጁ ካለበት ልጁ ጂኑን የሚወርሰው ከሁለት በአንድ ዕድል ነው። ምንጩ ትራንስታይሬቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ አንዲት ፊደል ስለተሳሳተችበት ቅርጹን ያጣና በነርቭና በልብ ላይ እየተጠራቀመ ይጋገራል። ፕሮቲኑን በብዛት የሚሠራው ጉበት ስለሆነ ከ1990 ጀምሮ የነበረው ሕክምና ጉበቱን አውጥቶ የሌላ ሰው ጉበት መተካት ነበር።

ፓቲሲራን የሚባለው መድኃኒት በስብ ጠብታ የተጠቀለለ አጭር አር ኤን ኤ ሲሆን የዚህን ፕሮቲን ግልባጭ ይቀዳል። በ225 ሕሙማን ላይ ለ18 ወራት በተደረገው ሙከራ ፕሮቲኑ ከደማቸው ውስጥ ከመቶ 80 ያህል ቀነሰ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 56ቱ የነርቭ ጕዳታቸው ሲሻሻል ማስመሰያውን ከወሰዱት የተሻላቸው ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። በነሐሴ ወር 2018 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መድኃኒት ነው። ጤነኛውንም ግልባጭ አብሮ ስለሚቀድና ፕሮቲኑም ቪታሚን ኤን ከሚያጓጉዙት አንዱ ስለሆነ ሕመምተኛው ቪታሚኑን ለብቻው ይወስዳል።

መንገዱ ሬሳ የሌለበት አልነበረም። ይኸው አልናይላም የተባለ ኩባንያ ይኸው ፕሮቲን ልባቸውን ለጐዳባቸው ሰዎች ሬቩሲራን የሚባል ሌላ መድኃኒት ሲሞክር መድኃኒቱን ከወሰዱት 140 ሰዎች 18 ሞቱ፤ ማስመሰያውን ከወሰዱት 66 ሰዎች የሞቱት 2 ነበሩ። ሙከራው በ2016 ቆመ። ምርመራ ቢደረግም ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ በእርግጥ አልተለየም። የዚያ መድኃኒት መጠን በሳምንት 500 ሚሊግራም ነበር። በኬሚስትሪው ተጠናክሮ የወጣው ተከታዩ፣ ቩትሪሲራን፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ 25 ሚሊግራም ይበቃዋል፤ በ2025 በአሜሪካ ለዚያው ለልብ በሽታ ተፈቅዷል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጐን ለጐን ያስቀመጠ ሰው ሊቃውንቱ በመካከሉ ምን ያህል እንደ ሠሩ ይረዳል።

ዋጋውን ሳናነሣ አንለፍ። ፓቲሲራን ሲወጣ የተቈረጠለት ዋጋ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 450,000 ዶላር ነበር። በሽታው የጥቂቶች ስለሆነ ነው ይባላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ወዳለበት በሽታ የሚሄዱም አሉ። ኢንክሊሲራን ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚሰጥ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋል፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለደም ግፊትም እንዲሁ በስድስት ወር አንድ መርፌ እንዲበቃ እየተሞከረ ነው። በየቀኑ ክኒን መዋጥ የሚረሳ ሰው፣ ወይም ክኒኑ ሲያልቅበት ሩቅ መንገድ መሄድ ያለበት ሰው፣ በዓመት ሁለት መርፌ ምን ማለት እንደ ሆነ ሐተታ አያሻውም። ዋጋው ከጤና ጣቢያ በር ላይ ካልመለሰው ነው።

ለአገራችን ቅርብ የሆነው ግን የጉበት ቫይረስ ነው። ሔፓታይተስ ቢ በ2022 በዓለም 254 ሚልዮን ሰዎች ዘንድ ሥር ሰዶ ይኖር እንደ ነበር የዓለም የጤና ድርጅት ገምቷል፤ ኢትዮጵያም በሽታው ካልራራላቸው አገሮች አንዷ ናት። ያሉት ክኒኖች ቫይረሱን ያደክሙታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያወጡትም። ቫይረሱ ግልባጩን የሚያስገለብጠው በጉበት ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ፣ ጉበት ደግሞ አድራሻው የታወቀ ስለሆነ፣ ብዙ ኩባንያዎች ግልባጩን ለመቅደድ ተነሥተዋል። በ2024 በታተመ አንድ ሙከራ፣ ቀዳጁ ከኢንተርፌሮን ጋር ተጣምሮ የተሻለ ውጤት ባሳየበት ቡድን ውስጥ እንኳ የቫይረሱ ዋና ምልክት ከደማቸው የጠፋላቸው ሕሙማን ከአራት አንድ አይሞሉም ነበር፤ እነዚህም ከመጀመሪያው ምልክቱ በደማቸው ውስጥ አነስተኛ የነበረባቸው ናቸው። ምልክቱ ብዙ የሆነባቸውን ሰዎች የሚረዳ ጥምረት ለማግኘት ሙከራው ቀጥሏል።