እውነት ወይስ ተረት? የኦጋዴኑን ኤፍ-5 በሞዴል ለምትሠሩ

ተረት፦ "የኦጋዴን ጦርነት ተዋጊ ጄቶች ከልደታ ሜዳ ይነሡ ነበር።"

ኦልድ ኤርፖርት የሚለው ስም በሠፈሩ ስለቀረ፣ የሞዴሉን ማሳረፊያ የልደታ ሜዳ አስመስሎ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት አይጠፋም። እውነቱ ሌላ ነው። ልደታ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለፕሮፔለር ዳኮታዎቹን ያበረረበት ሜዳ ነው። መንደርደሪያው ለቦይንግ 720 አጭር በመሆኑ ቦሌ ተሠራ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተዋጉት ጄቶች መነሻ ደብረ ዘይትና ድሬዳዋ ነበር። ማሳረፊያውን የድሬዳዋን አሸዋማ መሬት አስመስሉት።

ተረት፦ "ኤፍ-5 ሁሉ አንድ ነው።"

ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አየር ኃይላችን በመጀመሪያ የተረከበው ኤፍ-5ኤን ነው፤ ኤፍ-5ኢ የመጣው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። እነ አብራሪ ለገሠ ተፈራ የሶማሊያን ሚግ-17 እና ሚግ-21 በአየር ላይ ውጊያ የጣሉት በኤፍ-5ኢ ነው። የኢ ሞተር ይበረታል፣ አካሉ ሰፋ ይላል፣ ክንፉም ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.13 ሜትር ነው፤ የኤ ከዚያ ያንሳል። የኤን ሞዴል ገዝቶ ምልክት በመለጠፍ ብቻ የኦጋዴኑ ነው ማለት፣ እኔ እንደማምነው፣ አብራሪዎቹን መበደል ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፊደል ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ተረት፦ "1/72 ከ1/48 ይበልጣል።"

ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ እውነተኛው አውሮፕላን ስንት ጊዜ እንዳነሰ ይናገራል። ኤፍ-5ኢ 14.45 ሜትር ይረዝማል፤ በ1/72 20 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ በ1/48 ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል።

ተረት፦ "ሱፐር ግሉ ለሁሉም ይበቃል።"

የሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋል። ሱፐር ግሉ ግን ትነቱ በአብራሪው መስታወት ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ለመስታወቱ ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የዘመኑን ፎቶግራፎች አገላብጡ። በቤተሰብ ወይም በጎረቤት ጡረታ የወጣ የአየር ኃይል ሰው ካለ፣ ሞዴሉን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉ።