እውነት ወይስ ተረት? ፈንግል፣ የወፍ ጉንፋን እና የስምጥ ሸለቆ ዶሮዎች

ከቢሾፍቱ በአዳማና በመቂ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ፣ ዶሮ ሲሞት ቀድሞ የሚነሳው ስም ፈንግል ነው። የውጭ ዜና በበረከተበት ሰሞን ደግሞ «የወፍ ጉንፋን ነው» የሚል ወሬ ይከተላል። ሁለቱ መደባለቃቸው የሚጎዳው አርቢውን ነው፤ በሽታው በሌለበት ገበያውን ያጣል፣ በሽታው የመጣ ዕለት ደግሞ «የተለመደው ፈንግል ነው» ብሎ ዝም ይላል።

«ዶሮ በጅምላ ካለቀ የወፍ ጉንፋን ገብቷል»

ተረት ነው፤ ይህ ተረት ምን ያህል እንደሚያስከፍልም አይተናል። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ናይጄሪያ ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን እንደገባባት አስታወቀች፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ሰሞን ጉራጌ ውስጥ ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ እርባታ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች አለቁ። ወሬው ከምርመራው ቀድሞ አገር አዳረሰ፣ የዶሮ ገበያ ወደቀ። ውጤቱ ሲመጣ ግን የወፍ ጉንፋን አልነበረም። ኪሳራው ያረፈው በአብዛኛው ሦስት አራት ዶሮ ሸጠው ጨውና ደብተር በሚገዙ እናቶች ላይ ነው። ይህን ያህል ጉዳት ያደረሰው በሽታ ሳይሆን ወሬ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም። ሁለቱም መንጋ በቀናት ውስጥ ይጨርሳሉ፣ በሁለቱም ዶሮዋ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጠማዘዛል። ኩክኒዋ መጥቆሩን አይቶ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። የሚለያቸው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

«ያኔ ካልሆነ፣ የእኛ አገር በሽታ አይደለም»

ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ጅቡቲ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን በኤች 5 ኤን 1 መያዟ ተረጋገጠ፤ ሱዳንም በዶሮዎቿ ላይ አግኝታዋለች። የጅቡቲ መንገድና ባቡር በአዳማ እንደሚያልፍ ለአዳማ ሰው አይነገረውም። ግብፅ ውስጥ ቫይረሱ ከዶሮ ጋር ለምዶ በመቅረቱ ባለፉት ዓመታት ከ350 በላይ ሰዎች ታመዋል፣ ከሦስቱም አንዱ ገደማ ሞቷል።

ሐይቆቻችንም አሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎች በየዓመቱ ዝዋይ፣ ቆቃና አብያታ ላይ ይከርማሉ። ከዳክዬ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ቫይረሱን ሳይታመሙ ይሸከማሉ። በጥር 2009 ዓ.ም. ኡጋንዳ ይፋ ያደረገችው ወረርሽኝ ኤች 5 ኤን 8 የተባለው ሌላው ዝርያ ነበር፤ መጀመሪያ የታየውም ኢንቴቤ አጠገብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሞቱ ስደተኛ ወፎች ላይ ነው።

«እንግዲያው ወፎቹን ማባረር ወይም መግደል»

አይሠራም። የተባረረ ወፍ ሌላ ሐይቅ ላይ ያርፋል፤ ካለበት ቫይረሱንም ይዞ ይሄዳል። ደግሞም በሽታውን ከግቢ ግቢ የሚያዞረው በአብዛኛው ሰው ነው፤ ሳይታጠብ የሚመለስ የዶሮ ማጓጓዣ ሳጥን፣ ከእርባታ እርባታ የሚዘዋወር የእንቁላል ትሪ፣ ኩስ የረገጠ ጫማ። ከበዓል ገበያ ያልተሸጠችን ዶሮ መልሶ መንጋ ውስጥ መቀላቀል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

«ዶሮ ወጥ መብላት ያስይዛል»

በደንብ የበሰለ ዶሮም ሆነ እንቁላል አያስይዝም፤ ቫይረሱ 70 ዲግሪን አይችልም፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ለሰዓታት ይንተከተካል። አደጋው ከምጣዱ በፊት ነው፤ የታመመች ዶሮ ሲያርዱ፣ ሲነጩ፣ ሆድ ዕቃዋን ሲያወጡ። «ሳትሞት ቶሎ እንረዳት» የሚለውን ልማድ የምቃወመው ለዚህ ነው።

«የወፍ በሽታ ነው፣ ሌላ እንስሳ አይነካም»

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ምርምር በጣም ያስደነገጠው እዚህ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ስፔን ውስጥ ለጸጉሩ የሚረባ ሚንክ የተባለ እንስሳ በጅምላ ታመመ፤ ቫይረሱ ከአጥቢ ወደ አጥቢ ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ደመደሙ። በዚያው ዓመት በፔሩ ዳርቻ በሺህ የሚቆጠሩ የባሕር አንበሶች ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. መኸር በአርጀንቲና የቫልዴዝ ባሕረ ገብ መሬት 17 ሺህ ገደማ የባሕር ዝሆን ግልገሎች አለቁ። በመጋቢት 2016 ደግሞ ቫይረሱ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በአሜሪካ የወተት ላሞች ጡት ውስጥ ተገኘ። ያልተፈላ ወተታቸውን የጠጡ ድመቶች ሞቱ።

ምክንያቱ ተጠንቷል። ቫይረሱ ወደ ሴል ለመግባት በሴሉ ገጽ ላይ የሚይዘው መቀበያ ያስፈልገዋል። ወፎች ያላቸው ዓይነት መቀበያ በሰው የላይኛው መተንፈሻ ብዙም የለም፤ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ያልተላለፈውም በከፊል ለዚህ ነው። በላም ጡት ውስጥ ግን ያ የወፎቹ ዓይነት መቀበያ በብዛት እንዳለ ጥናቶች አሳይተዋል። በተጨማሪም ቫይረሱ አጥቢ ሰውነት ውስጥ በተራባ ቁጥር ለዚያ ሰውነት የሚስማማ ለውጥ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ስለዚህ የሞተች ዶሮን ለውሻ መወርወር፣ ወይም ለድመትና ለአባ ኮዳ መንገድ ዳር መጣል ይቅር። ትቀበር ወይም ትቃጠል። ወተት አፍልቶ መጠጣት ደግሞ ለቲቢና ለብሩሴሎሲስም ሲባል ድሮም የሚመከር ነው።

«ክትባት ወስደዋል፤ ካልሆነም ቴትራ እሰጣቸዋለሁ»

ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት ለፈንግል ነው፣ ለወፍ ጉንፋን አይሆንም። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ትርፉ እንቁላሉ ውስጥ የሚቀር መድኃኒት ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም አያድኑም። ክትባቱን ግን አትተዉ፤ ፈንግልን የተከላከለ መንጋ ድንገት ሲያልቅ ባለሙያው ሌላ በሽታ እንዲጠረጥር ያደርገዋል።

መንጋችሁ ድንገት ካለቀ ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ የተረፉትን አትሽጡ፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያን ዕለት ደውሉ። ናሙናው አሰላ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል። አርቢው የሚደብቀው ግን ባለማወቁ ብቻ አይደለም፤ «ያሉኝንም ያስወግዱብኛል» ብሎ ስለሚፈራም ነው። ለሚወገደው ዶሮ ካሳ እንደሚከፈል አስቀድሞ በግልጽ ካልተነገረው ስልኩን አያነሳም፤ ይህን የመናገሩ ኃላፊነት የመንግሥት ነው።