የሕዝብ ትርዒት የሕዝብ ታሪክ ነው

የአንድ ሕዝብ የበዓል ትርዒት እንዲሁ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ከተፈጥሮ ጋር ያደረገው ትንቅንቅና ከወራሪ ጋር የተዋደቀበት ታሪክ ተቀርጾበት ይገኛል።

የቻይናን የዘንዶ ጭፈራ እንመልከት። በእኛ ዘንድ ዘንዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ በጦር ሲወጋ የምናየው የክፋት ምልክት ነው። ለቻይና ገበሬ ግን የዝናብና የወንዝ ጌታ ነው። ከዛሬ 2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ድርቅ ሲጸና ዘንዶ ከሸክላ እየሠሩና እየጨፈሩ ዝናብ ይለምኑ ነበር። ዛሬ በዘመን መለወጫቸው የሚታየው ረጅም የጨርቅ ዘንዶ በብዙ ሰዎች ክንድ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ እርምጃውን ቢስት መላ አካሉ ይዛነፋል። የጭፈራው ፍሬ ነገርም ይኸው ኅብረት ነው።

ለዚህ አቻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው እንጅባራ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ገና ከአገር ሳይወጣ ነበር። ዓላማውም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተዋደቁትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች መዘከር ነው። ጠላት አገር ይዞ ባለበት ሰዓት ጠላት የተሸነፈበትን ቀን ማሰብ ራሱ የእምቢተኝነት ድምፅ ነበር።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። አንደኛው እንዲህ ያለውን በዓል የኋላቀርነት ቅሪት አድርጎ ይንቃል። ሁለተኛው ደግሞ ያሸበረቀውን ኮርቻና ግልቢያውን ብቻ አይቶ ያጨበጭባል። ሁለቱም ከሥሩ ያለውን አያዩም። በአገው ምድር ፈረስ በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ ጌጥ አይደለም፤ ሞፈር ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ያደርሳል። ማኅበሩም አባላቱ የሚረዳዱበትና የተጣሉትን የሚያስታርቁበት ነው። ግጦሹ ጠፍቶ፣ መረዳዳቱም ቀርቶ ግልቢያው ብቻ ቢተርፍ፣ የሚቀረው ነፍስ የሌለው ትርዒት ይሆናል።

እንግዲህ በየዕድሩና በየሰፈር ማኅበሩ የተደራጀን ሁሉ ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ቅርስ የሚጠበቀው በዓመት አንድ ቀን በማጨብጨብ ሳይሆን፣ ቅርሱን የወለደውን የዕለት ተዕለት መደጋገፍ በማጠንከር ነው።