የደን አይቢስ ወፍና የመሬት አጠቃቀማችን

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች፣ በግጦሽና በታረሰ መሬት ላይ፣ ረጅምና ቆልማማ መንቆሩን አፈር ውስጥ እየሰካ ትልና እጭ የሚለቅም፣ አንገቱ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ወፍ በመንጋ ይታያል። ይህ ወፍ አይቢስ ከሚባሉት ወገን ነው። የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ቢሆንም፣ በእርሻ መሬት ላይ መኖር ስለሚችል ለመጥፋት አልተቃረበም።

የቅርብ ዘመዱ የሆነው ድንክ አይቢስ ግን የሚኖረው በጊኒ ባሕረ ሰላጤ በሳኦ ቶሜ ደሴት ነባር ደን ውስጥ ነው። ከ1928 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሳይታይ ቆይቶ በ1990 እንደገና ተገኘ። ዛሬም እጅግ አስጊ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ወፎች ይቆጠራል።

ለዚህ ያበቁት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦

1. ደኑ ቀደም ሲል ለካካዎ፣ ኋላም ለዘይት ዘንባባ ተክል መመንጠሩ፤
2. ለሥጋው መታደኑ። ሲደነግጥ ርቆ ስለማይበር፣ በቅርብ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያርፍ በቀላሉ ይመታል።

በ2006 በደሴቲቱ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። ሆኖም አደን ካልቆመ ፓርኩ ብቻውን ወፉን ሊያድን አይችልም። ከዚያች ደሴት ከጠፋ ደግሞ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዲስ መሬት ከመመንጠሩ በፊት በውስጡ የሚኖረውን ማጥናት፣ በወንዝ ዳርና በገደል አጠገብ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች ማስቀረት፣ ትል ለቃሚውን የደጋ አይቢስ ልጆች በድንጋይ እንዳይመቱት ማስተማር ይገባቸዋል።