መዓዛና አሮማቲክነት፦ የጉለሌ አካባቢ ዕፅዋት ስለ ቀለበታዊ ሞለኪውሎች የሚያሳዩት

መግቢያ

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ «አሮማቲክ» የሚለው ስያሜ መነሻው ሽታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቅመማ ቅመም፣ ከሙጫና ከዕፅዋት ዘይት ተለይተው የወጡ በርካታ ውህዶች መዓዛ ስለነበራቸው በዚህ ስም በአንድ ወገን ተመደቡ። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1825 የለየው፣ አውጉስት ኬኩሌም በ1865 የቀለበት መዋቅር የሰጠው ቤንዝን (ከመኪና ነዳጁ ከቤንዚን ለመለየት በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፏል) የወገኑ ዋና አባል ሆነ። ከዚያ በኋላ የቃሉ ፍች ከሽታ ወደ ኤሌክትሮን አደረጃጀት ተሸጋገረ፤ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ። በአማርኛ «መዓዛማ ውህድ» ተብሎ ሲተረጎም አሮጌው ፍች ተመልሶ ይመጣል። የዕፅዋት ዘይት ለሚመረምር ተማሪ ይህ መምታታት ከቃላት ክርክር ያለፈ ውጤት አለው፤ የሚመርጠውን የመለያ ዘዴም ሆነ የውጤቱን ትርጓሜ ሊያዛባ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በጉለሌና በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች በሚታወቁ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ ውህዶችን በምሳሌነት ወስዶ የአሮማቲክነትን ዓይነቶች ያብራራል።

ሲኒዮልና ታይሞል

ከጉለሌ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በባሕር ዛፍ የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ባሕር ዛፉን በሀገር በቀል ዕፅዋት የመተካት ሥራ የሚሠራው በዚሁ ተራራማ አካባቢ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ በአብዛኛው የሚመነጨው 1,8-ሲኒዮል ከተባለው ውህድ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች የሚበቅለው የጦስኝ ሽታ ደግሞ በዋናነት ከታይሞልና ከካርቫክሮል ይመጣል።

ሲኒዮልና ታይሞል እያንዳንዳቸው አሥር የካርቦንና አንድ የኦክስጅን አቶም አላቸው። የሃይድሮጅናቸው ቁጥር ግን ይለያያል፤ በሲኒዮል 18፣ በታይሞል 14 ነው። ሲኒዮል አንድም ድርብ ትስስር የሌለው ባለሁለት ቀለበት ኤተር በመሆኑ ሽታው የቱንም ያህል ቢበረታ አሮማቲክ አይደለም። ታይሞል ግን በቤንዝን ቀለበት ላይ የተሠራ ፌኖል ነው። የዕጣኑ ጉዳይ ከዚህም ይልቃል። የትግራይና የጎንደር የዕጣን ዛፍ ከሆነው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ሙጫ በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት ዋና አካል ኦክታይል አሲቴት ሲሆን፣ ይህ ውህድ ቀለበት እንኳ የለውም።

የአሮማቲክነት መስፈርት

አንድ ሞለኪውል በመደበኛው ትርጉም አሮማቲክ የሚባለው አራት ሁኔታዎችን ሲያሟላ ነው። ቀለበት ሊኖረው፣ ቀለበቱ ዝርግ ወይም ለዝርግ የቀረበ ሊሆን፣ በቀለበቱ ያለ እያንዳንዱ አቶም ከጎረቤቱ ጋር የሚደራረብ ፒ-ኦርቢታል ሊያቀርብ፣ በዚህ መንገድ የሚዘዋወሩት ፓይ ኤሌክትሮኖችም ቁጥራቸው 4ነ+2 ሊሆን ይገባል፤ እዚህ ላይ «ነ» ዜሮ ወይም ሙሉ ቁጥር ነው። የመጨረሻው መስፈርት መሠረት ኤሪክ ሁከል በ1931 ያቀረበው ስሌት ሲሆን፣ በጥብቅ የሚሠራው ለባለአንድ ቀለበት ሥርዓቶች ነው።

የመስፈርቱ ዋጋ በኃይል ይለካል። ሳይክሎሄክሲን ሃይድሮጅን ሲጨመርበት 120 ኪሎጁል በሞል ያህል ሙቀት ይለቃል። ቤንዝን ሦስት ተራ ድርብ ትስስሮች ቢኖሩት 360 ያህል መልቀቅ ነበረበት፤ የሚለቀው ግን 208 ያህል ብቻ ነው። የ150 ገደማ ልዩነት ቀለበቱ ከኤሌክትሮኖች መሰራጨት ያገኘው መረጋጋት ነው። ስድስቱ የካርቦን ትስስሮችም እኩል 139 ፒኮሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ይህም በነጠላው 154 እና በድርቡ 134 መካከል ይውላል።

በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ ዓይነቶች

ቤንዝናዊ አሮማቲክነት። ታይሞል የዚህ ወገን አባል ነው። የቀለበቱ ባሕርይ በቤተ ሙከራ በቀላሉ ይታያል። የጦስኝ ዘይት በቀጭን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሟሚት ሲናጥ ታይሞልና ካርቫክሮል ፕሮቶናቸውን ለቅቀው ወደ ውሃው ክፍል ይገባሉ፤ የተረፈው አሉታዊ ሙል በቀለበቱ ላይ ስለሚሰራጭ ይረጋጋልና። ሲኒዮል ግን በዘይቱ ክፍል ይቀራል። በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ጋማ-ተርፒኒንም ተጨማሪ ማስረጃ ይሰጣል። ይህ ውህድ ሁለት ድርብ ትስስሮች ያሉት አሮማቲክ ያልሆነ ቀለበት ሲሆን፣ ሁለት ሃይድሮጅን ሲያጣ አሮማቲኩን ፓራ-ሳይሚን ይሆናል፤ ለውጡን የሚያግዘው ቀለበቱ የሚያገኘው መረጋጋት ነው።

ሔትሮአሮማቲክነት። ቀለበቱ ከካርቦን ሌላ አቶም ሲኖረው ዋናው ጥያቄ ያ አቶም ስንት ኤሌክትሮን ያዋጣል የሚለው ነው። በጤና አዳም ውስጥ የሚገኘው ስኪሚያኒን የተባለ አልካሎይድ ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድ ሞለኪውል ያሳያል። የፉራን ቀለበቱ ኦክስጅን ከጥንድ ኤሌክትሮኖቹ አንዱን ጥንድ ለፓይ ሥርዓቱ ይሰጣል። የኪኖሊን ክፍሉ ናይትሮጅን ግን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አዋጥቶ ጥንዱን በቀለበቱ ዝርግ ላይ ያስቀራል።

የፉራን አሮማቲክነት ከቤንዝን በእጅጉ የደከመ ነው፤ ይህም ተግባራዊ ውጤት አለው። በጤና አዳም ያሉት ፉራኖኩማሪኖች የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው የፉራኑ ድርብ ትስስር ከዲኤንኤ ታይሚን ጋር ይጣመራል። የቅጠሉ ጭማቂ ነክቶት ለፀሐይ የተጋለጠ ቆዳ ተቃጥሎ ውሃ ሊቋጥር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «አሮማቲክ ስለሆነ የተረጋጋ ነው» የሚለው አጠቃላይ አባባል ለሁሉም ቀለበት እኩል አይሠራም።

ቤንዝን-አልባ አሮማቲክነት። የካሞማይል አበባ በእንፋሎት ሲጣራ ዘይቱ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙን የሚሰጠው ካማዙሊን በአበባው ውስጥ የለም፤ ማትሪሲን ከተባለው ውህድ በሙቀቱ ይፈጠራል። አጽሙ የሆነው አዙሊን ባለአምስትና ባለሰባት ቀለበቶች የተጣበቁበት፣ አሥር ፓይ ኤሌክትሮኖች ያሉት ነው። ከናፍታሊን ጋር አንድ ዓይነት ሞለኪውላዊ ቀመር ቢኖረውም፣ ናፍታሊን ቀለም የለውም። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችም በሚበቅለው ግሎሪዮሳ ሱፐርባ የሚገኘው ኮልቺሲን ደግሞ ባለሰባት አቶም የትሮፖሎን ቀለበት ይዟል።

ትላልቅ ቀለበቶች። በጉለሌ የሚታይ አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ያለው ክሎሮፊል 18 ፓይ ኤሌክትሮኖች የሚዞሩበት ሰፊ ቀለበት አለው። ከአራቱ ትናንሽ ቀለበቶች በአንዱ ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ተጨምሯል፤ ይሁንና የ18ቱ ኤሌክትሮኖች መንገድ በዚያ ትስስር ማለፍ ስለማያስፈልገው አሮማቲክነቱ አልጠፋም።

ከመደበኛው ውጭ ያሉ ዓይነቶች

ዝርግ ቀለበት 4ነ ኤሌክትሮኖች ሲይዝ መረጋጋቱ ይቀንሳል፤ ይህ ፀረ-አሮማቲክነት ይባላል፤ ሳይክሎቡታዳይን ዋና ምሳሌው ነው። ባለስምንት ካርቦኑ ሳይክሎኦክታቴትራኢን ግን እንደ ገንዳ ጎብጦ ከዚህ ጫና ያመልጣል፤ ስለዚህ አሮማቲክም ፀረ-አሮማቲክም አይደለም። ሃይልብሮነር በ1964 እንዳመለከተው፣ ኦርቢታሎቹ አንድ ጊዜ በተጠመዘዙበት ቀለበት ሕጉ ተገልብጦ 4ነ መረጋጋትን ይሰጣል። ቤርድ በ1972 ደግሞ በብርሃን በተነሣሣው የትሪፕሌት ሁኔታ ተመሳሳይ ግልበጣ እንደሚኖር አሳይቷል።

አሮማቲክነትን በመሣሪያ ማረጋገጥ

በኒውክሌር መግነጢሳዊ ሬዞናንስ የታይሞል ቀለበት ፕሮቶኖች ከ6.5 እስከ 7.2 ፒፒኤም ባለው ክልል ይታያሉ፤ የሲኒዮል ፕሮቶኖች ሁሉ ከ2.2 በታች ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው መግነጢሳዊ መስኩ በቀለበቱ ኤሌክትሮኖች ላይ ከሚያስነሣው ዑደት ነው። በክሎሮፊል ዑደቱ ስለሚበረታ የቀለበቱ ውጫዊ ፕሮቶኖች ከ8 እስከ 10 ይደርሳሉ።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ግን በቀላሉ ዘዴ፣ በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ነው። ንጣፉ በ254 ናኖሜትር ጨረር ሲታይ ታይሞል ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ ሲኒዮል ጨረሩን ስለማይውጥ አይታይም። ይህን ያላስተዋለ መርማሪ የባሕር ዛፍ ዘይትን ዋና አካል «የለም» ብሎ ሊመዘግብ፣ በአነስተኛ መጠን ያለውን ፓራ-ሳይሚን ደግሞ ዋና አድርጎ ሊወስድ ይችላል። ንጣፉን በቫኒሊንና በሰልፈሪክ አሲድ ረጭቶ ማሞቅ ሲኒዮልን ያሳያል።

ማጠቃለያ

ሽታ የሚወሰነው በሞለኪውሉ ተናኝነትና ከአፍንጫ ተቀባዮች ጋር ባለው መግጠም ነው፤ አሮማቲክነት የሚወሰነው በቀለበት ውስጥ ባለ የኤሌክትሮን አደረጃጀት ነው። በመሆኑም በአማርኛ የምርምር ጽሑፍ «ባለመዓዛ» የሚለውን ለዕፅዋቱና ለዘይታቸው፣ «አሮማቲክ» የሚለውን ለመዋቅሩ ብቻ መጠቀም ይመረጣል። አሮማቲክ የተባለ ውህድም ዓይነቱና ማስረጃው አብሮ ቢገለጽ አንባቢው ስለ ባሕርይው የሚጠብቀው ትክክለኛ ይሆናል።